ያልተለቀሰለት ልጄ

በዚያ ቀን በግቢያችን የነበሩትን ሁሉ በቅድሚያ ልጻፍ። ባለቤቴ ነበረ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ነበሩ፤ ታላቂቱ ቅጠል ታቀብላለች፣ ታናሺቱ ቀሚሴን ይዛ አትለቅም። እንሰት ሊፍቁልኝ የመጡ የሰፈራችን ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ ናት፤ አፏ አያርፍም፣ በክፉ ቀን ግን አትጠፋም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበረ። የባለቤቴ አክስት ከደጋው ከቡሌ ወርደው ነበር፣ ከነልጆቻቸውና ከነጎረቤቶቻቸው፤ ስንት እንደሆኑ አላውቅም፣ ግቢው ግን ሞልቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ነበረ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ከዲላ ከተማ ባለሱቁ ደረሰ፤ እስላም ነው፣ አባቱ ከመሀል አገር ለንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ። ያልነበረው የበኩር ልጄ ብቻ ነው። ሁሉም የመጣው በእሱ ምክንያት ነው።

ይህን የምጽፈው ሰዎች ዛሬም ድረስ «ያቺ ሴት ለቀስተኛ በእንሰት መፋቂያ አባረረች» እያሉ ስለሚያወሩ ነው። ማንንም አላባረርኩም። የሆነውን በሆነበት መንገድ ልናገር።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ልጆቼ ወንዝ መሻገራቸውን ካልሰማሁ ምግብ አይወርድልኝም። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ተመልሼ እዳስሰዋለሁ። ትምህርቴም ጥቂት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ስታስተምር ገብቼ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ እስክችል ድረስ ተማርኩ፣ ከዚያ ልጅ ወለድኩና ቀረሁ። ስለዚህ ደፋር ናት የሚሉኝ ሰዎች አያውቁኝም። ያን ቀን ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ፈርቼ ነው።

ልጄ የሄደው በንጉሡ ዘመን፣ የዓመቱን ቡና ለቅመን ከጨረስን በኋላ ነው። ወደ ሞያሌ ከሚወርድ የጭነት መኪና ጋር ጫኝ ሆኖ ሄደ። አባቱ ፈቀደለት፤ ወንድ ልጅ አገር ይይ አለ። እኔ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየተከተልኩ መከርኩት። ያልፈላ ውሃ አትጠጣ፤ ጭነቱ ላይ አትተኛ፤ ከማታውቀው ሰው ጋር አትጣላ፤ ከምታውቀውም ጋር አትጣላ። እሱ ሳቀና «እማዬ፣ ልተንፍስ ወይስ እሱንም ልተው?» አለኝ። የሚቀጥለው ቡና ሳይቀላ እመለሳለሁ አለ።

ቡናው ቀላ። ተለቀመ፣ ደረቀ፣ ተሸጠ። ዛፉ ደግሞ አበበ።

ከዚያ አንድ ከብት ነጋዴ ከቆላ ወጥቶ ገበያ ላይ ወሬ አመጣ። ወደ ታች አንድ ወንዝ ሞልቶ የጭነት መኪና ገልብጧል፣ ጫኞቹን ውሃ ወስዷቸዋል፣ ከእነሱም አንዱ የዲላ ልጅ ነው ይባላል። ወሬው ከገበያ ወደ ባለቤቴ ወንድም፣ ከእሱ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ። ለእኔ መጨረሻ ደረሰኝ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ እነሱም ማለዳ መጥተው በሩን አንኳኩ። እኔ ከፈትኩ። የባለቤቴ ወንድም ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

የሚለውን ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ማን አየው?» አልኩት።

«ነጋዴው ነው የነገረን።»

«ነጋዴው በዓይኑ አየው?»

«ሰምቶ ነው።»

«ከማን?»

«ከአንድ ሾፌር ነው አሉ።»

«ሾፌሩስ አይቷል?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«እንግዲያው የመጣችሁት ወሬ ይዛችሁ ነው እንጂ መርዶ ይዛችሁ አይደለም» አልኩ። «ወሬ ከሆነ ግቡና ቁጭ በሉ፣ ቁርስ ላቅርብ።»

አብራቸው የመጣች አንዲት ሴት ነጠላዬን ለሐዘን ልታዘቀዝቅልኝ እጇን ዘረጋች። ጥለቱን ጨብጬ ያዝኩ፤ ጎተተች፣ ጎተትኩ። በመጨረሻ ለቀቀች። ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ ያያል።

ልቤ አልሞተም ብሎኝ ነው ብዬ አልዋሽም። ልቤ ምንም አላለኝም። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ዲላ ገበያ ላይ አጠገቤ ጨው የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ወንድሟ ወደ ነገሌ ሄዶ ጠፋ፣ ሞተ ተባለ፣ ተለቀሰለት። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ሾፌር ጨው ሊገዛ መጥቶ በጨዋታ መሀል አንድ ነገር ተናገረ። እሱን የመሰለ ሰው መንገድ ላይ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን ተለቅሶለታል ስለተባለ ቀርቦ አልጠየቀውም። የሞተን ሰው አየሁ ብሎ ቤተሰብ መረበሽ ነውር መሰለው። ሴትዮዋ ያን ቀን ጨውዋን ጥላ ሄደች። ወንድሟ ግን ከዚያ በኋላም አልተገኘም። እኔ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተለቀሰለት ሰው አይፈለግም። ልጄ ሞቶ ከሆነ ለቅሶዬ አንድ ቀን ቢዘገይ አይጎዳውም፤ በሕይወት ካለ ግን ለቅሶው ነው የሚገድለው።

እናም እምቢ አልኩ። እምቢታዬን ይዤ ብዙ ወራት ተቀመጥኩ። በገበያ ቀን ቡናዬንና ጎመኔን ሸጬ ወደ ባለሱቁ እሄዳለሁ። የወንድሙ መኪና ወደ ሞያሌ ስለሚመላለስ ሾፌሮች ሁሉ እሱ ጋ ይወርዳሉ። «እናቴ፣ ዛሬም የለም» ይለኛል፣ ገና ከደጁ ሳልገባ፣ እንዳልጓጓ ብሎ። ከዚያ ሻይ ያስቀዳልኛል። ከየሾፌሩ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደመለሱለት አንድ በአንድ ይነግረኛል። ማንም እንደ እሱ አልታገሰኝም።

ምንጭ ላይ ሴቶች ከኋላዬ ይንሾካሾካሉ። አንድ ቀን አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጴንጤዎች እንባ ተከልክለዋል እንዴ?» አለች።

ጎረቤቴ እንስራዋን አስቀመጠችና፣ «አልተከለከሉም፤ አንቺ ስትዘፍኚ ያለቅሳሉ» አለቻት። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን እንስራውን እንኳ ሳላወርድ ቆሜ ጸለይኩ። ጸሎቴ የሚያምር አልነበረም። ጌታ ሆይ፣ እየሰማህ ነው አይደለም? እሱ የት እንዳለ ታያለህ፤ እኔ አላይም። ስለዚህ ዝም አትበለኝ። ዝም ብትለኝም እኔ ዝም አልልህም። እንዲህ እያልኩ ነበር የምጸልየው። እንዲህ መጸለይ ድፍረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማላምነውን ሰው አልጨቀጭቅም።

ያን ክረምት አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ በድንገት ቢመጣ ምን አበላዋለሁ? ዋሳ፣ ሌላው ቆጮ የሚለው፣ በአንድ ቀን የሚደርስ ምግብ አይደለም። እንሰቱ ተቆርጦ ይፋቃል፣ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ከዚያ ወራት ይጠብቃል። የእኛ ጉድጓድ ሊያልቅ ነበር። ልጄ በመንገድ ተርቦ ከስቶ መጥቶ፣ ከጎረቤት ልበደርለት ነው? ከጓሮዬ የደረሱትን ትልልቅ እንሰቶች መረጥኩና ሴቶቹን ለሥራ ጠራኋቸው።

እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎረቤት ከየጉድጓዱ ዋሳ አዋጥቶ ለቀስተኛውን ያበላል፤ ባለ ሐዘኗም የተዋጣላትን ለመተካት ብዙ እንሰት አንድ ላይ ታስፍቃለች። ያለዚያ ብዙ እንሰት የሚፋቀው ለሠርግ ነው፤ በክረምት ደግሞ ሠርግ የለም። ሴቶቹ የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው ወደ ግቢዬ ሲገቡ መንገደኛ ሁሉ አየ። የባለቤቴ ወንድምም አየ። በመጨረሻ ተቀበለች ብሎ ደስ አለው፤ እሱም ሐዘኑን አፍኖ ነበርና። በዚያው ቀን ወደ ቡሌ ሰው ላከ።

እኛ ይህን አናውቅም። በማግስቱ ሴቶቹ እንሰቱን ከሳንቃ ላይ በግራ እግራቸው ይዘው ይፍቃሉ፣ እኔ እጄ እስከ ክርን በእንሰት ውሃ ተነክሯል፤ ከአጥር ውጭ ዋይታ ተሰማ።

«ወየው ልጄ! ወየው አንበሳዬ!»

ጎረቤቴ ቀና ብላ፣ «ማን ሞተ?» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። ማንም አያውቅም። ዋይታው እየቀረበ መጣ። «እንግዲህ የሞተውን ሳናውቅ ለቅሶው ደረሰብን» አለች።

አክስቲቱ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ ከኋላቸው የቡሌ ሰው ሁሉ። አክስቲቱ እየሮጡ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«አክስቴ፣ እጄ እንሰት ነው፤ ልብስዎ ይበላሻል።»

«ልብስ ይበላሽ! ልጃችን ጠፍቶ ለልብስ ላስብ?»

«ልጃችን ጠፍቷል፤ ልክ ነው» አልኩ። «ልንፈልገው ነው።»

ዋይታቸውን ከመሀል አቋርጠው ፊቴን አዩ። «ምን ማለትሽ ነው? መርዶውን አልተቀበልሽም?»

«አልተቀበልኩም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ እንሰት ለማን ነው የሚፋቀው?»

«ለልጄ። ሲመጣ የሚበላው ነው።»

አክስቲቱ ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞሩ። «አንተ! ተቀበለች ብለህ አይደል የላክህብኝ? በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ጉልበቴ!»

«አክስቴ፣ ሴቶቹ መፋቂያ ይዘው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በዓይንህ ያየኸውማ መፋቂያውን ነው» አለች ጎረቤቴ። «ሬሳ አላየህም።»

ከለቀስተኛው አንዱ ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ። የባለቤቴ ወንድም ግን አልሳቀም፤ ወደ እኔ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጄን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው እሱ ነው።

«ስሚኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለለቅሶ የተሰበሰበ ሰው ሳያለቅስ አይበተንም፤ ነውር ነው፣ ክፉም ያመጣል። ዛሬ ይለቀስ። ልጁ ከመጣ እልል እንላለን። ማን ይከለክለናል?»

«ጋሼ፣ ዛሬ ከተለቀሰ ነገ ማን ይፈልገዋል? እርስዎ ይፈልጉታል?»

ወንጌላዊው ከሰው መሀል ወጣ። ለቅሶ ነው ተብሎ ነው የመጣው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል።

«እህቴ» አለ፣ «መጽናናትን እምቢ ማለት እግዚአብሔርን መጋፋት እንዳይሆን። እሱ ያደረገውን መቀበልም እምነት ነው።»

ወንጌላዊውን አከብረዋለሁ፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። በሰው ፊት ተቃውሜው አላውቅም። ታናሺቱ ልጄ ቀሚሴን እንደያዘች ቀና አልኩ።

«ወንጌላዊ፣ እግዚአብሔር ወስዶት ከሆነ ለእኔ ይንገረኝ» አልኩ። «ቤቴን ያውቀዋል። እሱ ዝም ያለበትን ነገር ከብት ነጋዴ ተክቶት እንዲናገር አልፈቅድም። እርስዎም ከጸለዩልን አምጣው ብለው ይጸልዩ። ተቀበለው ሊሉ ከሆነ ግን ደመናውን ይዩት፤ ዝናቡ ሳይመጣ ሥራችንን እንጨርስ።»

ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ የተናገረው። ተቆርጦ የወደቀ እንሰት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እኔ ደክሞኛል» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«አንቺ ትጸልያለሽ፣ ገበያ ወርደሽ ትጠይቂያለሽ፣ ትጣያለሽ። እኔ ምን አደርጋለሁ? ቡና ስር ገብቼ ሰው እንዳያየኝ አለቅሳለሁ። ልጅ ሞቶብኝ እንደሆነ አላውቅም፣ አልሞተብኝም እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጮኼ አልቅሼ ይውጣልኝ። ይህን ያህል ብቻ ነው የምፈልገው።»

እውነቱን ነው። የእኔን ጭንቀት ሁሉም ያውቃል፣ እጮኻለሁና፤ የእሱን ግን እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር። እምቢ የማለት ጉልበቴ እዚያ ላይ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የባለቤቴ ወንድምም አወቀው፤ «በቃ፣ አባቱ ተናገረ» ብሎ ወደ ሰዉ እጁን አነሳ፤ አክስቲቱ ነጠላቸውን ለማዘቅዘቅ ፈቱ።

ባለሱቁ የገባው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ከዲላ በእግሩ ወጥቶ ነው፤ ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኗል፣ ትንፋሹ አልሰበሰብ ብሎታል። ሰዉን ሁሉ አየና ፊቱ ጨለመ።

«እናቴ፣ እውነት ነው?» አለኝ። «ገበያ ላይ ለቅሶ ወጣ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ገና እየጠየቅሁ ነው እኮ!»

«ሊወጣ ነው» አለው የባለቤቴ ወንድም። «አንተም አረፍ በል፤ ደክመሃል።»

«ማረፉስ ይቆይ» አለ ባለሱቁ። «የወንድሜ መኪና ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ይወርዳል። ሾፌሩ በየደረሰበት እየጠየቀልኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ለቅሶውን ሰምቶ፣ እንግዲህ ልተወው ወይ አለኝ። ልጠይቅና ልንገርህ ብዬው ነው የወጣሁት።» ወደ ባለቤቴ ቀረበና ፊት ለፊቱ በርከክ አለ፤ ትልቅ ሰው እንደሚያናግሩት። «አባቱ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ይተወው ልበል ወይስ ይጠይቅ?»

ብዙ ጊዜ ዝም የማልል ሴት ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ የእሱም ልጅ ነውና። ባለቤቴ እጆቹን አየ፣ ወደ አጥሩ አየ። ተወው የምትለውን ቃል ሊያወጣት ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁ። አልወጣችም።

«ይጠይቅ» አለ።

«አይዞዎት» አለ ባለሱቁ፣ ተነስቶ።

«ይጠይቅ፤ አልተለቀሰለትም በለው» አለ ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ተከትዬው ሄድኩ። ከቡናው ስር ቆሞ ያለቅሳል። አልከለከልኩትም። «ለናፍቆቱ ከሆነ እኔም አብሬህ አለቅሳለሁ» አልኩት። አብረን አለቀስን። ከሄደ ጀምሮ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። ስንጨርስ ዶማ አንስቶ የዋሳውን ጉድጓድ ሊያሰፋ ሄደ።

ስመለስ ወንጌላዊው ኮፍያውን ከእንሰት ጉቶ ላይ አስቀምጦ እየጸለየ ነበር። አምጣው ብሎ ነበር የሚጸልየው። ድምፁ እንደ ሰንበቱ የጠነከረ አልነበረም፤ ግን «አምጣው» አለ፤ ሰዉም አሜን አለ። አክስቲቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት ለምኑ ነው? መፋቂያ ስጡኝ!» አሉ። ጎረቤቴም «ለቅሶ የመጣ ሁሉ ይፋቅ!» ብላ ጮኸች። ለቅሶን በመፋቂያ አባረረች የሚባለው ወሬ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የተቆጡም ነበሩ፤ ነውር ነው ብለው እህል ሳይቀምሱ የሄዱ አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። አይበሉኝ።

የባለቤቴ ወንድም መጨረሻ ነው የሄደው። አጥሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ሲሄድ ምን ለብሶ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም ጠያቂ ሆነ፤ ቡና ይዞ በሄደበት ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ።

ያኔ የወረደው ሾፌር ያመጣው ወሬ የለም። ከእሱ በኋላ የወረዱትም አላመጡም። ንጉሡ ወረዱ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ባለሱቁ አርጅቶ ሱቁን ለልጆቹ አስረከበ። እኔ አሁንም ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም። እግዚአብሔር ለምን እንዳዘገየ አልነገረኝም፤ አለመንገሩንም አልወደድኩለትም፤ ይህንንም እነግረዋለሁ። ነገር ግን ከእሱ ፊት አልነሳም። ሌላ የምሄድበት ደጅ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሄድም። ደክሞሽ ትተዪዋለሽ ያሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ቀድመውኝ ደክመዋል።

ይህን የምታነቡ፣ በሞያሌ መንገድ፣ በቦረና፣ በነገሌ ወይም ከዚያ ወዲያ የምትኖሩ ወይም የምትመላለሱ፣ ልጄ ረጅም ነው፣ ጠይም ነው፣ ሲስቅ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከግራ እጁ የትንሿ ጣት ጫፍ በልጅነቱ በገጀራ ተቆርጦ የለም። አማርኛ ሲናገር እንደ እኛ አገር ሰው ነው። አሁን የልጆች አባት የሚሆንበት ዕድሜ ላይ ነው። አይታችሁት ከሆነ፣ ወይም ስለ እሱ የሰማችሁት ነገር ካለ፣ ዲላ ገበያ ጨው ተራ ለሚሸጡት ሴቶች ንገሯቸው፤ እነሱ ያደርሱልኛል። ደግ ወሬ ቢሆንም ክፉ ወሬ ቢሆንም ንገሩኝ፤ ብቻ በዓይናችሁ ያያችሁትን ይሁን።